ለክሊኒክ የቱ ኦፕን ሶርስ ኢኤምአር? መጀመሪያ ካሸሯን ጠይቁ

ሰሞኑን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ በየቴሌግራሙ ድምፅ እየቀዳሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልላክላቸው ብዬ ነው። ጥያቄው ያው ነው፣ "መካከለኛ ክሊኒክ አለን፣ በቀን ሃምሳ ስልሳ ታካሚ እናያለን፣ የካርድ መደርደሪያው ሞልቶ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀምረናል፣ ነጻ የሆነ ሲስተም አለ ይባላል፣ የቱን እናስገባ?" ሚሉት ኦፕን ሶርስ ኢኤምአር ነው፣ ማለትም የታካሚን ካርድ በኮምፒውተር መያዣ ሲስተም፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ክሊኒኮች ውስጥ ኔትወርክ ስዘረጋና እነዚህን ሲስተሞች ስተክል ስነቅል ነው የቆየሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከሰርቨሩ ጀርባ ቆሞ የታየ ነው፣ ሐኪም ቢጽፈው ሌላ ነገር ሊል ይችላል።

ከሁሉም በፊት የስሙን ነገር እንፍታው። ኦፕንኤምአርኤስ እና ኦፕንኢኤምአር ስማቸው መንታ ይምሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም። አንዴ አንድ ዶክተር "ኦፕንኤምአርኤስ ጫንልኝ" ብሎኝ ሁለት ቀን ለፍቼ ጨርሼ ሳሳየው ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና "ይሄማ አይደለም፣ እኔ ቪዲዮ ላይ ያየሁት የቀጠሮ ካላንደር ፊት ለፊት ያለው ነው" አለኝ፣ ያየው ሌላኛውን ነበር። ከዛ ወዲህ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ ስክሪንሾት ላክልኝ ነው ምለው። እዚህም እንዳትደናገሩ አንዱን "ኤምአርኤሱ" ሌላውን "ኢኤምአሩ" እያልኩ ልቀጥል።

ለኛ አይነት ክሊኒክ በቁም ነገር ሊታዩ ሚችሉት አራት ናቸው። ኤምአርኤሱ፣ በሱ ላይ የተገነባው ባህምኒ፣ ኢኤምአሩ፣ እና ጂኤንዩ ሄልዝ። ሌሎችም ስም ትሰማላችሁ። ቪስታ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ሲስተም ነው፣ ትልቅ ነው፣ የተጻፈበትን ቋንቋ ሚያውቅ ሰው እዚህ ሀገር ፈልጋችሁ ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ። ሆስፒታልረን ደግሞ ያሳዝነኛል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ እንዲሰራ ታስቦ የተሰራ ቆንጆ ሀሳብ ነበር ግን ፕሮጀክቱ ቆሟል፣ ኮዱ አሁንም ይወርዳል፣ አንዳንድ ሰው የድሮ ጽሁፍ አንብቦ ይጭነዋል። ማንኛውንም ኦፕን ሶርስ ነገር ከመጫናችሁ በፊት የመጨረሻው ቨርዥን መቼ እንደወጣ እዩ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ሚያወዳድረው በፊቸር ብዛት ነው፣ ይሄ ላብ አለው፣ ያ ኤክስሬይ ያሳያል፣ ይሄ አማርኛ አለው እያለ በኤክሴል ራይት ምልክት ይሞላል። እኔም እንደዛ አደርግ ነበር። አሁን መጀመሪያ ምጠይቀው ሲስተሙ በተወለደበት ቦታ ታካሚው ገንዘብ ሚከፍለው መቼ ነበር ብዬ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ በኛ የግል ክሊኒክ ታካሚው ሲገባ የካርድ ይከፍላል፣ ሐኪሙ ጋ ይገባል፣ ላብራቶሪ ይታዘዝለታል፣ ወጥቶ ካሸሯ ጋ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይዞ ላብ ይሄዳል፣ ውጤቱን ይዞ ሐኪሙ ጋ ይመለሳል፣ መድኃኒት ወይ መርፌ ይታዘዝለታል፣ እንደገና ካሸር። በአንድ ጉብኝት ሦስት ጊዜ መስኮቷ ጋ ይቆማል ማለት ነው፣ ሁሌም ክፍያ ይቀድማል። ካሸሯ የቤቱ በር ነች፣ እሷ ሳትከፍት ማንም ወደ ቀጣዩ ክፍል አያልፍም። ይሄን መንገድ ሲስተሙ ካልተረዳው ሌላው ሁሉ ቢያምር በሁለተኛው ሳምንት ሰራተኞቹ ወደ ወረቀቱ ይመለሳሉ፣ በአይኔ አይቻለሁ።

በዚህ አይን እንያቸው።

ኤምአርኤሱ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነው፣ በ2006 ኬንያ ኤልዶሬት ላይ ከዛም ሩዋንዳ ላይ ስራ ገባ፣ ከጀርባው የአሜሪካው ሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩትና ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ ነበሩ። የኤችአይቪ ክትትል ውስጥ ነው ያደገው። እዛ ታካሚው መድኃኒቱን ሚወስደው በነጻ ነው፣ ጭንቀቱ ሌላ ነው፣ ባለፈው ወር ስንት ኪሎ ነበር፣ ሲዲ ፎሩ (የሰውነቱ መከላከያ ልኬት) ስንት ነበር፣ ቀጠሮው አልፎ ጠፍቷል ወይ። ስለዚህ አንድን ሰው ለአመታት መከታተል ላይ ማንም አይደርስበትም፣ ካሸር ሚባል ሰው ግን መጀመሪያ ሲሰራ ክፍሉ ውስጥ አልነበረችም። ቢሊንጉ፣ የሂሳብ ክፍሉ ማለት ነው፣ ኋላ የመጣ ነው፣ አሁን አለ፣ እየተሻሻለም ነው፣ ግን ለናንተ እንዲሆን ማስተካከል ይፈልጋል።

ኢኤምአሩ ደግሞ የአሜሪካ ዶክተር ቢሮ ልጅ ነው። በ2002 ጂፒኤል በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ላይሰንስ ተለቀቀ፣ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው፣ በአሜሪካ መንግስት የጤና አይቲ ሰርተፍኬት ካገኙት ኦፕን ሶርሶች አንዱ ነው። አሜሪካ ሰውዬው ይታከማል፣ ይሄዳል፣ ሂሳቡ ዋናው ክፍል ኋላ ከኢንሹራንሱ ጋር ነው ሚወራረደው። ስለዚህ ሲስተሙ ውስጥ ስትገቡ ፊ ሺት ሚባል ነገር አለ፣ ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ ምን ምን እንደሰራ በኮድ ሚሞላበት፣ ከዛ ለኢንሹራንስ ሚላክ ፋይል ይወጣል። ያንን ሁሉ እዚህ አንጠቀምበትም። ፊት ለፊት ካሽ መቀበያ ስክሪን አለው፣ ደረሰኝም ያትማል፣ ለአንድ ዶክተር ቢሮ ይበቃል። "ላቡ ሳይከፈል እንዳይሰራ" የሚል ጥበቃ ግን አትጠብቁበት።

ባህምኒ ለኛ ኑሮ ሚቀርበው እሱ ነው። ህንድ ቻቲስጋር ክልል ጋኒያሪ ሚባል ገጠር፣ ጃን ስዋስቲያ ሳሃዮግ የሚባል ድርጅት ባለው ሆስፒታል ውስጥ፣ ቶትወርክስ የተባለው ኩባንያ ባለሙያዎች ሠርተውት በ2013 የወጣ ነው። እነሱ ከዜሮ አልጀመሩም፣ ለህክምና መዝገቡ ኤምአርኤሱን ወሰዱ፣ ለላብራቶሪው ኦፕንኤሊስን ወሰዱ፣ ለሂሳብና ለስቶር ኦዱን (ድሮ ኦፕንኢአርፒ ይባል የነበረውን) ወሰዱ፣ ከዛ አያያዟቸው። ድሃ ገበሬ ትንሽ ብር ይዞ ሚመጣበት ሆስፒታል ስለሆነ ሂሳብ፣ ላብ፣ መድኃኒት ስቶር ሁሉም ገና ሲፈጠር አብሮት አለ። ሐኪሙ ትዕዛዝ ሲጽፍ ኦዱ ላይ የሂሳብ ረቂቅ ሆኖ ይመጣል፣ ካሸሯ ታጸድቀዋለች፣ ትቀበላለች።

ግን እዚህ ጋ አንድ ጉድጓድ አለ፣ እኔ ወድቄበታለሁ። ሐኪሙ ያዘዘው ነገር ወደ ኦዱም ወደ ላቡም በአንድ ጊዜ ነው ሚሄደው። ላቡ ካሸሯን አይጠብቅም! መጀመሪያ የተከልኩበት ክሊኒክ ይሄን ሳላስብ ለቀቅኩት፣ የላቡ ልጅ ስክሪኑ ላይ ስም ሲያይ ጠርቶ ደም ይቀዳል፣ ታካሚው ተቀድቶ ሲያበቃ "ብር ይዤ ልምጣ" ብሎ ይወጣል፣ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ላቡ የሰራውና ካሸሯ የተቀበለችው አይገናኝም። የክሊኒኩ ባለቤት ሲስተር ነበረች፣ አልጮኸችብኝም፣ የላቡን መዝገብና የካሸሯን ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጣ "እስቲ አስማማልኝ" ብቻ አለችኝ። መፍትሄው ቀላል ነበር፣ የኦዱ ደረሰኝ ቁጥር ሳይታይ ናሙና አይወሰድም የሚል ህግ ላቡ በር ላይ ተለጠፈ፣ ያው ድሮም በወረቀት ሲሰራ የነበረው ህግ ነው፣ ኮምፒውተር ገባ ብለን የተውነው። ኮዱን ቀይሮ ማስቆምም ይቻላል፣ ፕሮግራመር ካላችሁ።

ጂኤንዩ ሄልዝ፣ ሉዊስ ፋልኮን የሚባል ሐኪምም የኮምፒውተር ሰውም የሆነ ስፔናዊ በ2008 የጀመረው ነው፣ ፓይተን በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ ትራይቶን በሚባል የሂሳብና የአስተዳደር ሲስተም ላይ የቆመ። ሀሳቡ ማህበራዊ ጤና ነው፣ የቤተሰቡ ሁኔታ፣ የቤቱ አይነት፣ የውሃው ነገር፣ የትምህርት ደረጃ ሁሉ ከታካሚው ጋር ይመዘገባል። እንደ ሀሳብ እወደዋለሁ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞቻችን ቤት ለቤት ሚጠይቁትን ያስታውሰኛል። ሂሳቡም ጥሩ መሠረት ላይ ነው። ችግሩ ሰው ነው፣ ትራይቶን ሚያውቅ ባለሙያ እኔ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሲበላሽ ማንን ትጠራላችሁ?

ወደ ስም እንምጣ፣ ይሄ ርዕስ ለብቻው ቡና ያስጠጣል። አብዛኞቹ ሲስተሞች ስም፣ መካከለኛ ስም፣ የቤተሰብ ስም ብለው ሦስት ሳጥን ያወጣሉ፣ እኛ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብለን እንሞላለን፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ኢኤምአሩ ግን ዝርዝሩ ላይ የመጨረሻውን ስም አስቀድሞ ነው ሚያሳየው። ነርሷ ስክሪኑን አይታ "ከበደ!" ብላ ትጠራለች፣ ማንም አይነሳም፣ ከበደ አያትየው ነው፣ ምናልባትም ካረፈ ቆይቷል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተነሳው ልጅ ወረፋው አልፎት ይናደዳል። ማስተካከል ይቻላል፣ ወይ ደግሞ ነርሷን ከኮማው በኋላ ያለውን አንብቢ ማለት ነው፣ ያው ሰው ከሶፍትዌር ይልቅ ቶሎ ይሰለጥናል።

ከባዱ ፍለጋው ነው። በአማርኛ ከመዘገባችሁ ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። የጠዋቷ ካርድ ክፍል በአንዱ ትጽፋለች፣ የከሰዓቷ በሌላው ትፈልጋለች፣ የለችም ይላታል፣ አዲስ ካርድ ታወጣለች፣ አሁን አንዲት ሴት ሁለት ፋይል አላት፣ የፔኒሲሊን አለርጂዋ ያለው አንዱ ላይ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል እንጻፍ ካላችሁም አትድኑም፣ ኃይሉን በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል እስቲ አምስት ሰው ጠይቁ። እኔ ምመክረው አንዱን ምረጡና ህጉን ጻፉት፣ በአማርኛ ከሆነ ሁሌ ሀ፣ ሁሌ ሰ፣ ሁሌ አ፣ ሁሌ ጸ፣ ሌላው ፊደል ካርድ ክፍል አይገባም፣ ግዕዝ አዋቂ አባቶች ይቅር ይበሉኝ። እና ስልክ ቁጥርን ዋና መፈለጊያ አድርጉት። ኤምአርኤሱም ባህምኒም ኢኤምአሩም የተደገመ ፋይል ሲገኝ ማዋሃጃ መንገድ አላቸው፣ ግን አንድ ሰው በሳምንት አንዴ ቁጭ ብሎ ካላደረገው በራሱ አይሆንም። ሌላ ደግሞ፣ ስትጭኑ የዳታቤዙ (መረጃው ሚቀመጥበት) የፊደል አያያዝ፣ ካራክተር ሴት ሚሉት፣ ዩቲኤፍ ኤይት መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ አማርኛው ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ አይመለስም።

ቀን መቁጠሪያ ላይ ኤምአርኤሱ ብልጫ አለው። ሦስተኛው ትውልድ የሚባለው አዲሱ ገጽታ ቋንቋውን አማርኛ ስታደርጉት ቀኑን በኢትዮጵያ ካላንደር ያሳያል፣ ጳጉሜንን ጨምሮ። የህጻን ልጅ የትውልድ ቀን "ሚያዝያ 12" ብላ ለምትነግር እናት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ካርድ ክፍሏ ስልኳን አውጥታ ስትለውጥ ተሳስታ የክትባት ቀን ሲዛባ አይቻለሁ። ባህምኒና ኢኤምአሩ ላይ እኔ ያለ ተጨማሪ ስራ አላገኘሁትም። ዕድሜውን እንጂ ቀኑን ለማያውቅ ሽማግሌ ደግሞ ኤምአርኤሱና ባህምኒ "በግምት" ብላችሁ ዕድሜ ብቻ እንድትሞሉ ይፈቅዳሉ፣ ይሄም ከአፍሪካና ከገጠር ህንድ መወለድ ጥቅሙ ነው። ሰዓትን ግን ማንም አልፈታልንም፣ ቀጠሮ "ሦስት ሰዓት" ተብሎ ሲስተሙ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ነው ሚገባው፣ የቀጠሮ ወረቀቱን በእጅ ጻፉላቸው በቃ።

ሐኪሙስ? ሐኪም መተየብ አይወድም፣ እውነት ነው። በቀን አርባ ሰው ሚያይ ሰው በየታካሚው ሰባት ገጽ አይሞላም። ኤምአርኤሱና ባህምኒ ኮንሴፕት ዲክሽነሪ ሚባል ነገር ላይ ነው የቆሙት፣ እያንዳንዱ ምልክት፣ በሽታ፣ ምርመራ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ተመዝግቦ ነው ሚገባው፣ ሲኤል የሚባለው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ዲክሽነሪ ከሃምሳ ሺህ በላይ ቃል አለው፣ በነጻ ትወስዱታላችሁ። ጥቅሙ ወር መጨረሻ ላይ ነው ሚታየው፣ ለጤና ጽህፈት ቤቱ ሚላከው ሪፖርት ስንት ከአምስት አመት በታች ሳንባ ምች፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ ሲል በእጅ ከመቁጠር ትገላገላላችሁ። ሀገሪቱ ሪፖርቱን ምትሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱም ኦፕን ሶርስ ነው፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ከኤምአርኤሱ ጋር ሚያገናኝ ሞጁል አለ። ጉዳቱ ደግሞ ዲክሽነሪውን ያላስተካከለ ክሊኒክ ሐኪሙ "ታይፎይድ" ብሎ ሲጽፍ ስምንት ምርጫ ይዘረግፍለታል፣ እሱም ተናዶ ሁሉንም ነጻ ማስታወሻው ላይ በእንግሊዝኛ ይሞነጭረዋል፣ ሪፖርቱ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከሐኪሙ ጋር ቁጭ በሉና ያለፈውን ሦስት ወር መዝገብ ገልጣችሁ በብዛት የተጻፉትን አርባ በሽታዎች አውጡ፣ እነሱ ላይ አጭር ስም አድርጉ። አርባው አብዛኛውን ቀን ይሸፍንላችኋል። ኢኤምአሩ ላይ ፎርም መስራት ይቀላል፣ ፕሮግራመር ሳትሆኑ በማውስ ሳጥን ትጨምራላችሁ ትቀንሳላችሁ፣ አንድ የቆዳ ሐኪም ራሱ ሁለት ማታ አምሽቶ የራሱን ፎርም ሲሰራ አይቻለሁ። ሪፖርቱ ግን ለአሜሪካ ነው የታሰበው፣ ለኛው ወረዳ ሚሆነውን ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ሚጽፍ ሰው ያወጣላችኋል።

ማሽኑን በተመለከተ አጭር ልሁን። ኢኤምአሩ ቀላል ነው፣ 4 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሳይጨናነቅ ሲሰራ አይቻለሁ። ኤምአርኤሱ ጃቫ በሚባል ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ 8 ስጡት። ባህምኒ ሦስት አራት ሲስተም አንድ ላይ ስለሆነ በ8 ይነሳል ግን ጠዋት ላብም ካሸርም ሐኪምም አንድ ላይ ሲገቡበት ያቃስታል፣ 16 ብታደርጉለት ትወዱታላችሁ። ለትንሽ ክሊኒክ ትልቁን የላብ ሲስተም (ኦፕንኤሊስን) የቀነሰ ባህምኒ ላይት ሚባልም አለ። ለመጫን ግን ኢንተርኔቱ ጥሩ ቦታ ሄዳችሁ ነው ሚወርደው፣ ክሊኒኩ ዋይፋይ ላይ አትሞክሩት፣ እኔ ቤቴ አውርጄ በሃርድ ዲስክ ነው ምወስደው። ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም፣ ግቢ ውስጥ ባለው ኔትወርክ ይሰራል፣ ኬብል ሳቡ።

መብራት። ሰርቨሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሚያቆይ ባትሪ) ላይ፣ ራውተሩንም ስዊቹንም ዩፒኤሱ ላይ፣ ብዙ ሰው ራውተሩን ይረሳል። ብር ካጠረ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ እንደ ሰርቨር ያገለግላል፣ ሰዎች ይስቁብኛል ግን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከሁለት አመት በላይ ያለ ችግር ሰርቷል። ባክአፕ በየማታው በራሱ እንዲወጣ አድርጉ፣ ግን የወጣው ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ሲከፈት ካላያችሁት ባክአፕ አለኝ አትበሉ። አንድ ቦታ ለስምንት ወር በየቀኑ ፋይል ሲፈጠር ነበር፣ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ስንከፍተው ዜሮ ኪሎባይት፣ ዲስኩ ሞልቶ ነበር።

ሴኪውሪቲ ላይ ሰዎች "ኦፕን ሶርስ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ይሰረቃል" ይሉኛል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ዳታችሁ ግን እናንተው ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮጀክት ኢንሴኪውሪቲ ሚባል ቡድን ኢኤምአሩ ውስጥ ከሃያ በላይ ቀዳዳ አግኝቶ አሳወቀ፣ ፕሮጀክቱም ደፍኖ ማስተካከያውን አወጣ፣ ዜናው ግን ትልቅ ሆነ። እኔ ከዛ ሚታየኝ ቀዳዳ መገኘቱ አይደለም፣ ማስተካከያው ወጥቶ ሳይጭን ሚቀረው ክሊኒክ ነው። ከዛ በላይ ሚያሳስበኝ ደግሞ ፓስወርድ ነው። የኤምአርኤሱ መጀመሪያ ፓስወርድ "አድሚን123" እንደሆነ አለም ያውቃል፣ መጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ በቃ። አንድ ክሊኒክ ችግር ሊያሳዩኝ ጠርተውኝ ገና ሰው ፓስወርዱን ሳይነግረኝ ገባሁ፣ ለሁለት አመት እንደዛው ነበር፣ የሰው ኤችአይቪ ውጤት ውስጡ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ውስጥ አስገብቶታል፣ ስለዚህ ነገሩ አሁን የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰራተኛ የራሱ አካውንት፣ "ሪሴፕሽን" የሚባል የጋራ አካውንት አይኑር፣ ማን ምን እንደከፈተ ሚታወቀው እንደዛ ሲሆን ነው።

ነጻ ነው የሚለውን ነገር ሳልነካው አልለፍ። ላይሰንሱ አይከፈልበትም፣ እውነት ነው፣ ኤምአርኤሱ ሞዚላ ላይሰንስ፣ ባህምኒ ኤጂፒኤል፣ ኢኤምአሩና ጂኤንዩ ሄልዝ ጂፒኤል፣ አንዳቸውም ላይ በታካሚ ቁጥር ወይ በኮምፒውተር ብዛት ሚጠይቃችሁ የለም። ማሽኑ፣ ዩፒኤሱ፣ ኬብሉ፣ የሚጭነው ሰው፣ የማሰልጠኛው ሳምንት ታካሚ ሲቀንስ ሚቀረው ገቢ ግን ያው የናንተ ነው። ለጫኚው ሁሉንም ብር በአንዴ አትክፈሉ፣ የተወሰነውን በየወሩ እንዲመጣ አድርጋችሁ ያዙት። ይሄን ምለው በራሴ ላይ ነው ልብ በሉ። እና ደግሞ አንዳቸውም ከገቢዎች ካሽ ሬጅስተር ማሽን ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም፣ ካሸሯ ሲስተሙ ላይም ማሽኑ ላይም ሁለቴ ትመታለች፣ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯት፣ ኋላ ስትሰማ ሌባ የተባለች ይመስላታል።

እንግዲህ የኔ ምርጫ ይሄን ይመስላል። አንድ ስፔሻሊስት፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ካሸር፣ ላብ የለም፣ ታካሚው አንዴ ከፍሎ ታይቶ ሚወጣ ከሆነ ኢኤምአሩን ውሰዱ፣ ቀላል ነው፣ ፒኤችፒ ሚያውቅ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ላብ፣ መርፌ ክፍልና መድኃኒት ቤት ያለው መካከለኛ ክሊኒክ ከሆነ ባህምኒ፣ ከበድ ይላል ግን ስቶር ውስጥ ስንት ሴፍትሪያክሶን እንደቀረ ሚነግራችሁ እሱ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና ክትትል ላይ ያተኮረ፣ ካሽ ብዙም ማይንቀሳቀስበት፣ ድርጅት ሚደግፈው ክሊኒክ ከሆነ አዲሱ ኤምአርኤሱ፣ ካላንደሩ ብቻ ያስመርጠዋል። ጂኤንዩ ሄልዝን ቤተሰባችሁ ውስጥ ፓይተን ሚጽፍ ሰው ካለ ብቻ። በወላዋይ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ደግሞ፣ ማለትም ላብ አለኝ ግን ትንሽ ነው ሚል፣ ባህምኒ ላይትን ይሞክር፣ ኋላ ወደ ሙሉው ማደግ ይችላል፣ የህክምና መዝገቡ ሥር አንድ ስለሆነ።

የድሮውን ካርድ አታስገቡ። ሰው ቀጥረው ሦስት ወር ሙሉ አሮጌ ካርድ ያስተየቡ አውቃለሁ፣ አብዛኛው ታካሚ ተመልሶ አልመጣም። ሰውየው ራሱ ሲመጣ ነው ካርዱ ተጎትቶ አለርጂው፣ ሚወስደው መድኃኒትና የመጨረሻው ጉብኝት ሚገባው፣ ካርዱ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግና መደርደሪያው ይመለሳል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ክሊኒኩን ዝጉና ሞክሩ። ሁሉም የሙከራ ሰርቨር አላቸው ወይ ላፕቶፕ ላይ ይጫናሉ። ሃያ የውሸት ታካሚ ጻፉ፣ ካርድ ክፍሏ፣ ነርሷ፣ የላቡ ልጅ፣ ካሸሯ በየቦታቸው ይቀመጡ፣ ሐኪሙም ይኑር። ከሃያው አንዱ ግማሽ ብር ነው ያለኝ ይበል፣ አንዱ ከላብ በኋላ መድኃኒቱን ውጪ እገዛለሁ ይበል፣ አንዷ ሁለት ካርድ ይኑራት። አንዱ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራ ከፍሎ ላብ ሲደርስ ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል ይባል፣ ብሩ ይመለስለት። እኔ እዚች ላይ ስልኬን አጥፍቼ ውጪ ቡና ልጠጣ እወጣለሁ፣ ስመለስ ካሸሯ ብሩን መልሳ፣ የሲስተሙን ደረሰኝ ሰርዛ፣ የቀኑ ሂሳቧ ከመሳቢያው ብር ጋር ገጥሞ ካገኘኋት በማግስቱ ሰርቨሩን ይዤ እመጣለሁ።